የማትነዳ መኪና ዓረቦን

አዳነ አስራ አንድ ዓመት የሰው መኪና ነድቶ፣ በአስራ ሁለተኛው ከብድርና ቁጠባ ተበድሮ የራሱን ሚኒባስ ገዛ። ከወልድያ መርሳ፣ ከመርሳ ወልድያ ሲመላለስ ሁለት ዓመት እንኳ ሳይሞላው፣ በጥቅምት ወር፣ ሲሪንቃን አለፍ እንዳለ ጭነት የያዘ አይሱዙ መስመሩን ስቶ መጣበት። አዳነ መሪውን ወደ ግራ ጠመዘዘ። አይሱዙው የሚኒባሷን ቀኝ ጎን ጨፍልቆት አለፈ። አዳነ ግንባሩን ተሰፍቶ ተረፈ፤ ከኋላ የነበሩትም ተሰባብረው ተረፉ። ጋቢና ከጎኑ ተቀምጠው የነበሩት የግራናዋ እመት ሲቲ ግን እዚያው አረፉ።

ትራፊክ ፖሊስ ጥፋቱ የአይሱዙው ሾፌር ነው ብሎ ጻፈ። የኢንሹራንሱ መሐንዲስም መኪናዋ ከጥቅም ውጭ ሆናለች ብሎ ፈረመ። ከዚያ ወዲያ አምስት ወር ሆነ፤ ካሳው «በሂደት ላይ» ነው። አዳነ ጠዋት ይነሣል፣ ይታጠባል፣ የቀረበለትን ይበላል። ሰው ሲያጽናናው «ተመስገን» ይላል። አላለቀሰም። ሚስቱ እታፈራሁ ስለዚያ ቀን ስትጠይቀው «ምን ይወራል፣ አደጋ ነው» ይላታል።

መጋቢት መባቻ ላይ ከኢንሹራንሱ ቢሮ ተደወለለት። ካሳው የጸደቀ መስሎት ሄደ። ፋይሉን የያዘችው ቤዛዊት የምትባል ሠራተኛ ወንበር ስባ አስቀመጠችው።

«ጋሼ፣ የመኪናዋ ውል በዚህ ሳምንት ያልቃል። የዓመቱን ዓረቦን ከፍለው ማደስ አለብዎት።»

«የየቷ መኪና?»

«የርስዎ። የሚኒባሷ።»

«እሷ እኮ የለችም። አለቀላት ያላችሁት እናንተው ናችሁ።»

ቤዛዊት ወረቀቶቿን አስተካከለች። «አውቃለሁ። ግን ካሳው እስኪጸድቅ ድረስ መዝገብ ላይ አለች። የብድር ውልዎ ደግሞ ዕዳው እስኪያልቅ መድኗ እንዳይቋረጥ ይላል። ከተቋረጠ አበዳሪው ወደ ቤትዎ ነው የሚመጣው፤ ዋስትና ያስያዙት ቤቱን ነው።»

አዳነ ሌላ ጊዜ ቢሆን ይከራከር ነበር። መናኸሪያ ውስጥ ተራ ተነጠቅኩ ብሎ ግማሽ ቀን መሟገት የሚችል ሰው ነው። ያን ዕለት ግን ክርክሩ ከየት እንደሚጀመር ጠፋው። ቤት ሄዶ ለእታፈራሁ ነገራት። እሷም የዕቁብ ገንዘቧን ቆጥራ ሰጠችው። ተመልሶ ከፈለና ደረሰኙን ተቀበለ።

«አንድ ነገር ቀረ» አለች ቤዛዊት ዓይኑን ሳታይ። «ለእድሳቱ የመኪናዋ የፊት ፎቶ ያስፈልጋል፤ የአሁን መሆን አለበት። በቴሌግራም ቢልኩልኝ ይበቃል።»

በማግስቱ በሰው ሚኒባስ የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ወደ መርሳ ወረደ። ሲሪንቃ ሲደርሱ ስልኩን አውጥቶ ሰዓት አየ፤ ቀና ሲል አልፈዋል።

መኪናዋ ከአደጋው ወዲህ መርሳ ፖሊስ ጣቢያ ግቢ፣ አጥሩ ሥር ቆማለች። ፊት የሚባል ነገር የላትም። አዳነ አንዴ አነሣት፤ የራሱ ጥላ ገባበት። ዞሮ ደግሞ አነሣት።

«ጋሽ አዳነ አይደሉም?»

ዘወር አለ። የእመት ሲቲ ልጅ ሙስዐብ ነው። በአይሱዙው ሾፌር ችሎት ላይ በሩቅ ተያይተዋል እንጂ ተነጋግረው አያውቁም። ሙስዐብ ለእናቱ ካሳ የሚሆን ማስረጃ ማኅተም ሊያስመታ መጥቶ ነው።

«አንቱን ሳፈላልግ ነበር» አለ። «ቤትዎ ድረስ መምጣት ከብዶኝ ነው።»

አዳነ የሚመጣውን ጠበቀ። አልፈራም። እንዲያውም ሰውየው የሆነ ነገር እንዲናገረው ፈለገ።

«እናቴ ያን ቀን ወልድያ ሆስፒታል የሄደችው ብቻዋን ነው። ደረቷን ያማት ነበር። ሐኪሙ ምን ብሏት እንደነበር እስከ ዛሬ አናውቅም። ከጎንዎ ነበረች አሉኝ። የነገረችዎት ነገር ይኖር ይሆን ብዬ ነው።»

አዳነ ስልኩን ኪሱ ከተተ። ፖሊስ ስለ ፍጥነቱ ጠይቆታል፤ ኢንሹራንሱ ስለ ሻንሲ ቁጥሩ ጠይቆታል። ይህን ግን የጠየቀው ሰው አልነበረም።

«ምንም የለብዎትም ነው የተባሉት» አለ። «ራጅ ተነሥተው ንጹሕ ነው ተባሉ። መንገዱን ሙሉ አልሐምዱሊላህ ሲሉ ነበር። ‹ልጆቼን ሳላስቸግር ሄጄ፣ ሳላስቸግር ተመለስኩ› አሉኝ።»

ሙስዐብ አጥሩን ተደገፈ።

«መሪውን ወደ ግራ የመለስኩት እኔ ነኝ» አለ አዳነ፣ ድምፁ ከፍም ዝቅም ሳይል። «የእሳቸውን ጎን ያጋለጥኩት እኔ ነኝ። አላሰብኩበትም፤ እጄ ነው የመለሰው። ለማንም አልተናገርኩም።»

ግቢው ወዲያ ጫፍ ላይ አንድ ፖሊስ አልነሣ ያለ ሞተር ሳይክል ይረግጣል።

«ሌላስ ምን አለች?» አለ ሙስዐብ።

አዳነ አሰበ። «ብርቱካን ገዝተው ነበር። ልጠው ሰጡኝ። እጄ ሥራ ይዟል እናቴ፣ ብላቸው ‹አብሽር› ብለው አጎረሱኝ።»

«እሷ ናት» አለ ሙስዐብ። ፊቱ ላይ ፈገግታ የሚመስል ነገር መጣና ሄደ። «እሷው ናት።»

አዳነ ብርቱካኑን እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ረስቶት ነበር። ከተጣለ ጎማ ላይ ተቀመጠ። ሙስዐብም አጠገቡ ተቀመጠ። ስልክ ተለዋወጡ። ከዚያ ሙስዐብ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ገባ፤ አዳነም ፎቶውን ለቤዛዊት ልኮ ወደ ወልድያ ተመለሰ። ቤት ሲገባ እታፈራሁን ቁጭ በይ አላትና የዚያን ቀን ነገር ከመነሻው ነገራት። ሳታቋርጥ ሰማችው።

ካሳው በሰኔ ተለቀቀ። አበዳሪው ቀሪ ዕዳውን ወሰደ፤ የተረፈው ሌላ መኪና የሚገዛ አልሆነም። ላልተጠቀመባቸው ወራት የከፈለው ዓረቦን እንዲመለስለት ቤዛዊት ማመልከቻ አጻፈችው፤ መልሱ ገና ነው። አዳነም እስካሁን መሪ አልያዘም።

በሐምሌ ሙስዐብ ደውሎ ለእናቱ ሰደቃ ጠራው። እታፈራሁን ይዞ ግራና ሄደ። ዱዓው አልቆ፣ ለክርስቲያን እንግዶች ለብቻ የተሠራው ምግብ ሲቀርብ፣ ሙስዐብ ክንዱን ይዞ ወደ ሽማግሌዎቹ ወሰደው።

«እናቴን መጨረሻ ያጫወቷት እኚህ ናቸው» አላቸው።

አንዱ ሽማግሌ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁለት። አዳነ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣና ተቀመጠ።