የጤነኛዋ ደም

ታናሽ እህቴን ላብራቶሪው ያስቀጠርኳት እኔ ነኝ። ጓንት አጠላለቁን ሳይቀር ያስተማርኳት እኔ። አሁን አለቃችን ጠዋት ሲገባ መጀመሪያ የሚጠራው እሷን ነው። "ሚጢ እኮ እጇ ወርቅ ነው" ይላል። ባጎረስኩ እጄን ተነከስኩ! አንጀቴ እርር ይላል፤ ምን እደብቃለሁ። ጠዋት ጠዋት ብርዱ ጣቶቼን ሲያደርቃቸው የጋዋኔን ቁልፍ የምትቆልፍልኝም እሷ ናት። እሱም ያናድደኛል።

የክፍሉ ኃላፊ ቦታ ክፍት ነው። ከሁለት አንዳችን እንይዘዋለን፤ አለቃችን የሚወስነው ደግሞ በያዝነው ጥናት ነው።

ጥናቱ ስለ መገጣጠሚያ ብግነት ነው፤ አንጓን የሚያሳብጥና የሚያደርቅ በሽታ። ሰውነት ሲቆስል ቀድመው የሚደርሱ ነጭ የደም ሴሎች አሉ፤ ጀርሙን ገድለው ራሳቸውም ይሞታሉ። በእነዚህ ታማሚዎች ግን ጀርም ሳይኖር ይመጣሉ፣ ሂዱ ቢባሉም አይሄዱም፣ የገዛ ቤታቸውን ያፈርሳሉ። ሴሎቹ ሲቆጡ የሚያበራ ቀለም እንጨምርባቸዋለን። የታማሚ ደም ያበራል፣ የጤነኛ አያበራም። ለማነጻጸሪያ የጤነኛ ደም የምንሰጠው እኛው ሠራተኞቹ ነን። በዚያ ሳምንት ተራው የእኔ ነበር፤ ደሜን ቀድታ የሠራችውም ሚጢ ናት።

ደሜ እንደ ታማሚዎቹ ቦግ አለ።

ጮቤ ረገጥኩ። እነዚህ ሴሎች አመለኛ ናቸው፤ ቱቦው ትንሽ ከተናጠ ያለምክንያት ይቆጣሉ። የጀማሪ ስህተት!

"ንጠሽዋል" አልኳት፣ አለቃችን ፊት።

ሚጢ መጀመሪያ ስክሪኑን፣ ቀጥላ እጄን አየች።

"አዎ፣ ንጬዋለሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው" አለች።

አለቃችን ፊቱን አጠቆረባት። ከሰዓት በኋላ ኃላፊነቱን ለእኔ ሰጠኝና የጤነኛውን ደም ራሴ እንድደግመው አዘዘኝ።

በማግስቱ ደሜን አንዲት ነርስ ቀዳችልኝ። ቱቦውን እንደ አራስ ልጅ አቅፌ ሄድኩ፤ ማንንም አላስነካሁም። ክዳኑን ልከፍት ስል ጣቶቼ እምቢ አሉኝ፤ በጥርሴ አግዤ ከፈትኩት።

አሁንም ቦግ አለ።

ወንበሬ ላይ ቁጭ አልኩ። ያበጡትን የጣቶቼን አንጓዎች ለመጀመሪያ ጊዜ አስተውዬ አየኋቸው። ሚጢ መጥታ አጠገቤ ቆመች።

"ታውቂ ነበር?"

"ቁልፍ ስቆልፍልሽ እጠረጥር ነበር። ትናንት ሲበራ ነው የገባኝ።"

"ታዲያ ምነው ንጬዋለሁ አልሽ?"

"እሱ ፊት በሽተኛ ናት ልበል እንዴ፣ እትዬ? ቦታውን ይሰጥሽ ነበር? ይልቅ ነገ ሐኪም ጋ አብረን እንሄዳለን።"

ጣቶቼን በመዳፏ ይዛ ታሻቸው ጀመር። ማልቀስ ነበረብኝ። እኔ ግን ያን ሰዓትም ቀናሁባት።