ወፏ አርባ፣ ላይከኗ ዜሮ

የሙዚየሙ ዳይሬክተር ተጨባጭ መረጃ ይወዳሉ። ሁለት ክምችት፣ የወፍና የላይከን፣ እና አንድ ደረቅ ክፍል ብቻ ቢቀራቸው ቅጽ አዘጋጁ። ከየክምችቱ አንድ ዝርያ ይወዳደራል፤ የተሸነፈው ክምችት ምድር ቤት ይወርዳል። የምድር ቤቱ ግድግዳ ክረምት ከበጋ ያልበዋል። ሠላሳ አንድ ዓመት ከድንጋይና ከዛፍ ቅርፊት እየተፋቀ በወረቀት ፖስታ የተቀመጠ ላይከን እዚያ ዓመት አይሞላም፣ ይሻግታል።

ይህን እያወቁ ቅጹን በሐቅ የሞሉት የላይከን ባለሙያዋ እትዬ ናቸው። ድምፅ፦ ወፍ አሥር፣ ላይከን ዜሮ። እንቅስቃሴ፦ አሥር፣ ዜሮ። «ጎብኚ የመሳብ አቅም» ላይ ሲደርሱ እስክሪብቶው ራሱ አፈረ።

«ኧረ እትዬ፣ ለእድገት እንኳ አንድ ይስጧት» አለ የወፎቹ ባለሙያ።

«በዓመት አንድ ሚሊሜትር ነው የምታድገው። እንደ ደመወዛችን።»

«ለመሆኑ ምንድናት? ተክል እንኳ አይደለችም።»

«ፈንገስና አልጌ ናቸዋ። አንዱ ቤት ይሠራል፣ አንዱ ያበስላል።»

«ባልና ሚስት በሉኛ!»

«ኤዲያ! እነዚህ እኮ አይጣሉም።»

በውድድሩ ቀን ባለ ወፉ ዘማሪዋን ወፍ ከነጎጆዋ አቀረበ። ጡጫ የምታህለውን ጎጆ ሲያይ ኮሚቴው ተንጫጫ።

«እንዴት ያለ ጥበብ ነው!» አሉ ዳይሬክተሩ። «ውጩን በምን ነው የለበጠችው?»

«በሣር» ቢል ክፍሉ በሙሉ የሱ ነው። ከኮሚቴው ውስጥ ሣርን ከላይከን የሚለይ የለም። የሚለዩት እትዬ ደግሞ ጥግ ይዘው ፖስታዎቻቸውን ካርቶን ውስጥ እየደረደሩ ነው፤ ቀና እንኳ አላሉም።

ባለ ወፉ ጉሮሮውን ጠረገ።

«በላይከን» አለ። «በዚያችው ዜሮ ባገኘችው። ጎጆውን ቅርፊት አስመስላ ከጭልፊት የምትሸሽገው እሷ ናት። እሷ ባትኖር ይቺ ባለ አርባ ዘፋኝ ጫጩት አታሳድግም።»

ዳይሬክተሩ ቅጹን ገለባብጠው ፈለጉ። «ለዚህ እኮ አምድ የለንም።»

ሌላ ቅጽ ከማዘጋጀት ሁለቱን አንድ ክፍል ማስገባት ቀለላቸው።

ከሰዓት በኋላ ባለ ወፉ ቁም ሳጥኖቹን እየገፋ ግማሹን ክፍል ለቀቀ። ላቡን ጠርጎ ወደ እትዬ ዞረ።

«እንግዲህ እኔ ቤቱን ሠርቻለሁ።»

እትዬ የምሳ ዕቃቸውን እየከፈቱ፣ «እጅህን ታጠብ» አሉት።