የተመሰከረለት ጥርስ

ከጎጆ ከተማ ወደ አምቦ ሐኪም ቤት ሲነሱ ኤጄታ ምራቁን መዋጥ አቅቶት ነበር። ሚስቱ ወርቅቱ የሰባት ዓመት ልጃቸውን ሃዋኒን ለጎረቤት ትታ፣ በሚኒባሱ የፊት ወንበር ላይ የኤጄታን ራስ ደረቷ ላይ አስደግፋለች። ከአገጩ ሥር እስከ አንገቱ የወረደውን እብጠት እያየች ትንፋሹን ታዳምጣለች። አንዱ ወጥቶ ሌላው እስኪገባ የእሷም ይቆማል።

ኤጄታ አስተማሪ ነው፣ በቤተ ክርስቲያናቸውም የመዘምራን መሪ። ጥርስ ላይ ሲደርስ ግን ሕፃን ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ትምህርት ቤቱ የመጣ የጥርስ ሐኪም መንጋጋው ላይ የጤፍ ፍሬ የምታህል ጥቁር ነጥብ አይቶ፣ "አምቦ ሄደህ አሁን ብታስሞላት እዚሁ ትቆማለች" ቢለው፣ "ላላመመኝ ጥርስ አምቦ ድረስ?" ብሎ ሳቀ። ዓመት ሳይሞላ ያው ጥርስ እንቅልፍ ነሳው። ቅርንፉድ ነከሰ፣ በጨው ተጉመጠመጠ፣ ጸለየ፣ አስጸለየ። አንድ ቀን ሕመሙ ድንገት ጠፋ። እሑድ መድረክ ላይ ወጥቶ እግዚአብሔር ጥርሴን ፈወሰ ብሎ መሰከረ፤ ጉባኤው በእልልታ ቀለጠ። ከሁሉ አብልጣ እልል ያለችው ወርቅቱ ነበረች። ዛሬ የሚቆጫት ይኸው ነው።

ባለፈው ረቡዕ ማበጥ ሲጀምር "ሐኪም ቤት እንሂድ" ብላው ነበር።

"ሰው ምን ይለኛል? የመሰከርኩበት ጥርስ እኮ ነው!"

ሦስት ቀን ሻርፕ ጠምጥሞ ከረመ። ለጠየቀው ሁሉ ብርድ ነው አለ። ጎጆ ብርድ መቼ ጠፍቶ፣ ሁሉም አመነው።

ሚኒባሱ ቆመ። ሹፌሩ ቀንዓ ድንች ሊጭን ወረደ።

"ኦቦ ቀንዓ፣ ማሎ፣ እባክዎ! ሰው እየሞተብኝ ነው!"

"አንድ ጆንያ ብቻ ነው፣ አዴ ወርቅቱ..."

ኤጄታ አንገቱን ሰቅሎ አየር ፈለገ። ከንፈሩ ጠቁሯል። ቀንዓ ይህን ሲያይ ጆንያውን ከነባለቤቱ ጥሎ መሪውን ጨበጠ፤ አምቦ እስኪደርሱም ለማንም አልቆመም።

ሐኪም ቤት ጉሮሮውን በስተው ቱቦ አስገቡለት፤ ከአንገቱ መግል አወጡ። ያከመችው ዶክተር ጋዲሴ የጥርሱን ታሪክ ከወርቅቱ ሰምታ ነበር፤ ወጥታ አጠገቧ አስቀመጠቻት።

"ለጊዜው ተርፏል። ያኔ ሕመሙ የጠፋው ጥርሱ ድኖ አይደለም፣ ነርቩ ሞቶ ነው። ኢንፌክሽኑ ግን ውስጥ ውስጡን ይሄድ ነበር።"

ወርቅቱ ያን የእሑድ እልልታዋን አስታውሳ አለቀሰች።

በሦስተኛው ቀን ኤጄታ ዓይኑን ገለጠ። ቱቦው ስላለ መናገር አይችልም፤ በእጁ ምልክት እስክሪብቶ ጠየቀ። ወርቅቱ ልቧ ፈራ። ለጉባኤው እንዳትነግሪ ሊላት ነው። ቢላትም እሺ አትለውም፣ ቆርጣለች።

ጽፎ ወረቀቱን ሰጣት፤ ፊቱንም ወደ ግድግዳው አዞረ።

"የሃዋኒም መንጋጋ ላይ ጥቁር ነጥብ አይቻለሁ። አላመማትም ብዬ ዝም አልኩ። ዛሬውኑ አስመጫት።"