ከእልፍኝ ያልወጣ ቃል

የትነበርሽ ድምፅ ያላት ሴት ናት። ድብ ባሕር ተወልዶ ያደገ ሰው ድምፅ ከሌለው ምን አለው? እዚያ አገር ወሬ የሚሄደው ከአፋፍ ወደ አፋፍ ነው፤ ለቅሶውም ሠርጉም፣ የጠፋችው ጊደርም በጉሮሮ ነው የሚነገር። ጎንደር ከተማ ወርዳ፣ ጣሊያን ባሠራው የድንጋይ ቤት ከገባች በኋላም ይህ አልለቀቃትም። ልጇን ኤሌኒን ስትጠራ ጎረቤቱ ሁሉ አቤት ይላል።

በዚያ ሰሞን እንቅልፍ የነሳት ግን አንድ ነገር ነበር፤ የባሏ የአያ ነጋ ቃል፣ በራሳቸው አፍ፣ ድብ ባሕር መድረስ አለበት።

የአያ ነጋን ታናሽ ወንድም አስናቀውን፣ ሰውአገኝ የሚባል የዚያው አገር ሰው በእርሻ ድንበር ተጣልተው ገድሎታል። ሰውአገኝ ተፈረደበት፣ ታሰረ፣ ጨርሶ ወጣ። መንግሥት ቢለቀው ደም መች ይለቀዋል? የሟቹ ልጅ ካሣዬ ያባቴን ደም ካልመለስኩ ብሎ ከተነሳ ቆይቷል። ካሣዬን ደግሞ አዝላ ያሳደገችው የትነበርሽ ናት። ከእሷ ጀርባ ወርዶ ነፍሰ ገዳይ ሲሆን ቁጭ ብላ አታይም። ሽማግሎች ሲለምኑት ሲገዝቱት ከርመው በመጨረሻ፣ "አጎቴ ራሱ ይቅር ካለ እተወዋለሁ። በመልእክተኛ የመጣ ቃል ግን አልቀበልም" አለ። ሽማግሎቹም የዕርቁን ቀን ቆረጡ።

ይሄኔ አያ ነጋ ከደረጃ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረ። ሐኪሙ ከአልጋ ንቅንቅ እንዳይሉ አዘዘ። አልጋውም እዚያው እልፍኝ ውስጥ የተገጣጠመ ነው፤ በበሩ አይወጣም። ሽማግሎቹን የሚመሩት ቄስ ቢያዝን ነገሩን ሰምተው፣ "በስልክ ፊታቸው እየታየ ይናገሩ፤ ካሣዬም ተስማምቷል" አሉ። ሸጋ ነው። ነገር ግን እልፍኙ ግንቡ ክንድ ሙሉ ነው፤ የስልክ ኔትወርክ ዝር አይልበት። ያለው ተስፋ ሳሎን ግድግዳ ላይ የተንጠለጠለው የዋይፋይ ሳጥን ብቻ ነው። እሱም እልፍኝ ድረስ ሲመጣ ይሞታል።

የትነበርሽ አማቿን አስጠራች። የኤሌኒ ባል መዝሙር ከከተማው ወጣ ብላ ባለችው ፀዳ ነው የሚኖረው፤ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የኔትወርክ ሠራተኛ ነው። መጣና ስልኩን ይዞ ከክፍል ክፍል ዞረ።

"እማማ፣ መሀሉ ላይ ሁለት ግንብ አለ" አለ። "ገመድ ልዘርጋና አልጋቸው አጠገብ ሌላ ትንሽ ሳጥን ላስቀምጥ።"

"በየት በኩል ነው የምትዘረጋው?"

"በሳሎኑ አድርጌ፣ በኮሪደሩ፣ በእልፍኙ በር ሥር።"

"ቤቴን የልብስ ማስጫ ልታደርገው! ጠያቂ ሲመጣ በገመድህ ተጠልፎ ይውደቅና ሁለት ዳሌ ላስታምም?"

"እንግዲያው ግንቡን በስቼ..."

"ምን አልክ? ጣሊያን እንኳ ሲባረር ያላፈረሰውን ግንብ አንተ ልትበሳው? ምነው፣ ጉልበት ብትጨምርለትስ? ራዲዮ መጨመሪያ አለው፣ ይሄ የለውም?"

"አለው። ግን..."

"ግንህን ተውና ጨምር።"

መዝሙር አንገቱን ሰበረ። "እማማ፣ ሳጥኑ ቢጮህ ስልኩ ይሰማዋል። ስልኩ ግን መልሶ መጮህ አይችልም። ባትሪው ትንሽ፣ አንቴናው ትንሽ ነው፤ የሱን ጉልበት እኔ ልጨምርለት አልችልም። ሳጥኑም ቢሆን ልክ አለው። ደሞ ጎረቤቱ ሁሉ ሳጥን ሰቅሏል፤ የኛ ሲጮህ ከነሱ ጋር ይጋፋል።"

"የጎረቤቱ ሳጥን መቼም እንደኔ አይጮህም። አንተ የጨዋ ልጅ፣ ነገር ማብዛት ከየት አመጣኸው? ያልሰማ ሰው ካለ ጮኸህ ትነግረዋለህ። አለቀ።"

ከአማት ጋር መሟገት ነውር ነው፤ መዝሙርም ያደገው እንደዚያ ነው። እያወቀ፣ ላፕቶፑን ከፍቶ የሳጥኑን ጉልበት እስከ ጥጉ ሰቀለው። እልፍኝ ውስጥ ባለው ስልክ ላይ ሞታ የነበረችው የዋይፋይ ምልክት ሞልታ ብቅ አለች። የትነበርሽ ስብከት አስከፈተችው፤ የሰባኪው ድምፅ ጥርት ብሎ እልፍኙን ሞላው።

"አየህ?" አለች፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ።

"አንድ ጊዜ ደውለን ብንሞክር..."

"ጆሮ አለኝ፣ ሰማሁ። ይልቅ ሂድ፣ ሚስትህ ትጠብቅሃለች።"

የዕርቁ ዕለት ጠዋት አያ ነጋን ፊታቸውን አጥባ፣ ነጭ ኩታ አልብሳ በትራስ ደገፈቻቸው። መዝሙር ከሥራ አስፈቅዶ መጥቶ ሳሎን ተቀመጠ። ቦርሳው ጭኑ ላይ ነው፤ ምን እንደያዘ አልተናገረም።

"የሚሉትን ያውቁታል?" አለቻቸው ባሏን።

"ምነው የትነበርሽ፣ ይቅርታም ታስጠኚኛለሽ?"

"አንቱ ሲያስነጥሱም ጥናት ያስፈልግዎታል።"

ስልኩ ጮኸ። የድብ ባሕር ቤተ ክርስቲያን ዐጸድ የስልኩ መስተዋት ላይ ወለል ብሎ ታየ። ሽማግሎቹ ከአንድ ዛፍ ጥላ ሥር ተደርድረዋል። ሰውአገኝ በጉልበቱ ተንበርክኮ፣ አንገቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ መሬት መሬቱን ያያል። የይቅርታው ቃል እስኪሰማ ድንጋዩን የሚያወርድለት የለም። ሰው ሁሉ መሣሪያውን ከቅጥር ውጭ ትቶ ገብቷል፤ ካሣዬ ብቻ ጠመንጃውን በትከሻው እንዳንጠለጠለ ከዛፉ ግንድ ተደግፎ ቆሟል።

ቄስ ቢያዝን መስቀላቸውን ይዘው ቀረብ አሉ። "አያ ነጋ፣ የበደለዎት ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ከፊትዎ ነው። ምን ይላሉ?" ድምፃቸው አጠገብ እንዳሉ ነው የሚሰማው።

አያ ነጋ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ስለ እግዚአብሔር ስል ይቅር ብያለሁ" አሉ።

ዐጸዱ ዝም አለ።

ቄስ ቢያዝን ስልኩን ወደ ፊታቸው አስጠጉ። ሽማግሎቹ እርስ በርስ ተያዩ። "አያ ነጋ፣ ለሁለተኛ ጊዜ እጠይቃለሁ። ምን ይላሉ?"

"ይቅር ብያለሁ! ይቅር ብያለሁ እኮ!" አሉ አያ ነጋ፣ ካልጋቸው ቀና ለማለት እየሞከሩ፤ ዳሌያቸው ወግቷቸው ወደቁ።

ሽማግሌ የሚጠይቀው ሦስት ጊዜ ነው። ለሦስተኛው መልስ የነፈገ ሰው እምቢ ብሏል፤ በዚያ አገር ዝምታ ወደር የሌለው ስድብ ነው። ሽማግሎቹ አፈር ከልብሳቸው አራግፈው ይነሳሉ፣ ተመልሰውም አይቀመጡም። ለካስ እዚያ ያለው ስልክ የአያ ነጋን ድምፅ ጨርሶ አላገኘም። ምስላቸውም ገና አፋቸውን ሳይከፍቱ ደርቆ ቀርቷል፤ ከንፈር ግጥም፣ ዓይን ፍጥጥ።

"ፊቱን አታዩትም?" አለ ካሣዬ ከዛፉ ግንድ ተላቅቆ። "አጎቴ መልሱን በዓይኑ ነግሯችኋል!"

የትነበርሽ ስልኩን ከባሏ እጅ ነጥቃ ጮኸችበት። ምን ዓይነት ጩኸት! የመስኮቱ መስተዋት ነዘረ። የድብ ባሕርን ገደል የሚሻገረው ጉሮሮ ከእልፍኙ ሊወጣ አልቻለም። እዚያ ማዶ ማንም ዘወር አላለም። ምልክቷ ግን እንደሞላች ናት፤ ያች ቀጣፊ።

ይሄኔ ትዝ ያለቻት ብርቄ ናት፤ የልጅነት ባልንጀራዋ፣ ከገደሉ ማዶ የነበረችው፣ ድምፀ ቀጭኗ። የትነበርሽ ስትጣራ ብርቄ ትሰማለች። ብርቄ ስትመልስ አፏ ሲላወስ ይታያል እንጂ ቃሏ ሸለቆው ውስጥ ይቀራል። ያን ጊዜ የትነበርሽ ምን ታደርግ ነበር? ጩኸቷን አልጨመረችም፤ ምን ሊረባ! ቁልቁል ወርዳ፣ ቀርባ ነበር የምትሰማት።

ስልኩን እንደያዘች ነጠላዋ እየተጎተተ ሳሎን ደረሰች፣ ሳጥኑ ሥር።

"አባ! ሦስተኛውን እንዳይጠይቁ! በሥላሴ ይዤዎታለሁ!"

ቄስ ቢያዝን ደነገጡ። "የትነበርሽ? አንቺ ነሽ?"

"ማን ሊሆን ነው! አያ ነጋ ተናግረዋል፤ ያልሰማችሁ እናንተ ናችሁ! ይሄ የስልኩ መኪና እልፍኝ ውስጥ የተባለውን ነገር አያወጣም። ቁጭ በሉ!"

ካሣዬ ብቅ አለ። "እማ፣ ያንቺን አፍ መቼ አጣነው? እኔ የምፈልገው የሱን ነው።"

"የሱን ትሰማለህ! አንዲት ጫማ ካነሳህ ያዘለህ ጀርባ ይፍረድብህ! ቁም እዚያው!"

ካሣዬ ቆመ። ሽማግሎቹም በሥላሴ ተይዘዋልና ከተቀመጡበት አልተነሱም። ግን ፀሐዩ እየበረታ ነው፣ ሰውአገኝም ያጎነበሰ አንገት ነው ያለው። ስንት ይችላል?

የትነበርሽ ዘወር ስትል መዝሙር ቆሟል፤ እጁ ቦርሳው ላይ ነው።

"ምን ታየኛለህ?" አለችው። "ዘርጋው!"

ገመዱን መዘዘው። በግድግዳው ጥግ ጥግ ሊያስኬደው ሲል ለእልፍኙ እንደማይበቃ አየች። "በመሀል! በመሀል አሳልፈው!" ጠረጴዛውን በዳሌዋ ገፋችው፤ የእንግዳ ወንበሮቿን፣ ሰው ሲቀመጥባቸው እንኳ የምትቆጣባቸውን፣ ገለባብጣ መንገድ ከፈተች። በአንድ እጇ ስልኩን ይዛ ሽማግሎቹን በምርቃትም በስድብም ታቆያለች፤ በሌላው ገመዱን ትጎትታለች። መዝሙር ትንሿን ሳጥን ከአያ ነጋ ራስጌ አስቀምጦ አበራት።

የትነበርሽ ስልኩን ይዛ ወደ እልፍኝ ሮጠች። የቄሱ ድምፅ ይሰማል፤ የእሷ ግን እንደገና ተዋጠ።

"አልወጣም! አሁንም አልወጣም!"

"ስልኩ የሳሎኑን ጩኸት እየሰማ ነው" አለ መዝሙር፣ ላፕቶፑ ላይ ተደፍቶ። "አጠገቡ ያለውን ትቶ እሱ ላይ ሙጥኝ ብሏል። የሳሎኑን ዝቅ ማድረግ አለብኝ።"

"ዝቅ?"

"ዝቅ፣ እማማ። የትንሿንም። አጠገቡ ላለ ሰው ማን ይጮሃል?"

የትነበርሽ ምላሷ ጫፍ ላይ የመጣውን ዋጠችው። "ዝቅ አድርገው በቃ" አለች።

ዝቅ ሲያደርገው ዐጸዱ ከመስተዋቱ ላይ ድርግም ብሎ ጠፋ። ካሣዬም፣ ድንጋዩም፣ ሁሉም። አያ ነጋ ዓይናቸውን ጨፍነው ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ። የትነበርሽ አልጸለየችም፤ ስልኩን አፍጥጣ ታየዋለች፣ እንደ ዋልጌ ልጅ። መዝሙር መልሶ ደወለ። ጠራ። ጠራ። ምልክቷ ሞልታ ነው የምትታየው፤ አሁን ግን ማን ያምናታል?

ቄስ ቢያዝን ብቅ አሉ። "አያ ነጋ፣ ይሰማሉ?"

"እሰማለሁ፣ አባ። እርስዎስ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሰማሁ!" ቄሱ ወደ ሕዝቡ ዞሩ። "ሰማችሁ?" ዐጸዱ በጉምጉምታ መለሰ። "እንግዲያው ለሦስተኛ ጊዜ እጠይቃለሁ። የበደለዎት ሰው ይኸው። ምን ይላሉ?"

አያ ነጋ አልጮኹም። "አስናቀው ወንድሜ ነበር" አሉ። "እኔ ነኝ በሬ መጥመድ ያስተማርኩት። እሱን የሚመልስልኝ ደም የለም። ስለ እግዚአብሔር ስል ይቅር ብያለሁ። ካሣዬ፣ ልጄ፣ በኔ ይሁንብህ።"

የካሣዬን ፊት ማየት አይቻልም፤ ፀሐዩ ከኋላው ነው።

"ይድገመው" አለ ኋላ።

"ሰምተሃል እኮ!" ብላ የትነበርሽ ልትነሳ ስትል አያ ነጋ እጇን ያዟት።

"ይቅር ብያለሁ" አሉ ደግመው፣ ቀስ ብለው።

ካሣዬ ወደ ሰውአገኝ ሄደ። አጎነበሰና፣ አንድ እጁ የጠመንጃውን ማንገቻ እንደያዘ፣ ድንጋዩን በሌላው ሊያነሳ ሞከረ፤ ድንጋዩ ከአንገቱ ንቅንቅ አላለም፤ ያ ድንጋይ ሁለት እጅ ይፈልጋል። ቀና አለ፣ ጠመንጃውን ከትከሻው አውልቆ ለቄስ ቢያዝን አቀበላቸው፣ እንደገና አጎነበሰ።