እጅሽን ታጥበሽ ግቢ

በኪርጊስታን፣ ከኦሽ ከተማ ወዲህ ባለች ትንሽ ከተማ፣ ያለ ቀናቸው የተወለዱ ሕፃናት በሚታከሙበት ክፍል ነርስ ነበርኩ። በሩን የምዘጋው እኔ ነኝ። እናቶች በቀን አንዴ፣ ለአሥር ደቂቃ፣ ልጆቻቸውን በመስታወት ያያሉ፤ ከዚያ ወደ ኮሪደሩ ይመለሳሉ።

ቤጊማይ የሒሳብ አስተማሪ ናት፤ በሰባት ወሯ ወለደች። አምስት ቀን እህል አልቀመሰችም። ባሏ ኡላን ሲጠራት እንኳ ዞር አትልም። አማቷ ሾርባ ይዘው መጡና፣ "አርባ ቀን ሳይሞላው ስም እንዳታወጪለት፤ ልብሽን አታሳርፊበት" አሏት። እኔም ሁሌ የምለውን አልኩ፦ "አታልቅሺ፣ ወተትሽ ይደርቃል።"

በስድስተኛው ቀን ጽዳት ሠራተኛዋ ሳይራካን አጠገቧ ተቀመጠች።

"እኔም እዚሁ ወልጄ ነበር፣ እህቴ። ደንቡን አከበርኩ። ልጄን የነካኋት ከሞተች በኋላ ነው። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ሞቷ አይደለም፤ ብቻዋን መሆኗ ነው።"

ቤጊማይ ያን ቀን እንደ ጉድ አለቀሰች። ከዚያ እጇን እስከ ክርኗ ታጥባ መጣች።

"ክፈቺልኝ።"

"ክልክል ነው፣ የኔ እህት።"

"ለማን? እንግዳ አይደለሁም፤ እናቱ ነኝ!"

ኮሪደሩ ላይ የነበሩት አራት እናቶችም ተነስተው ከኋላዋ ቆሙ። ጩኸቱን ሰምተው በአክብሮት ኤጄ፣ ታላቅ እህት፣ የምንላቸው ዋናዋ ሐኪም ጉልባራ መጡ።

"በሽታ ልታስገቢብን ነው?"

"ጉልባራ ኤጄ፣ እርስዎስ ከውጭ አይደል የመጡት? እርስዎ የታጠቡትን ያህል ታጥቤያለሁ። ፖሊስ ይጥሩ፤ ንቅንቅ አልልም!"

"ቆልፊው!" አሉኝ።

ቁልፉ እጄ ላይ ነበር። ሳይራካንን አየኋት። ከፈትኩት።

ቤጊማይ ገብታ ጣቷን በልጇ መዳፍ ውስጥ አኖረች። "ስምህ ኤርመክ ነው" አለችው ጮክ ብላ፣ ሐኪሟም፣ ያን ቀንም ሾርባ ይዘው የመጡት አማቷም እየሰሙ።

የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሰኝ። እናቶቹ ግን በማግስቱም መጡ፤ በሳልስቱም። በሦስተኛው ሳምንት፣ የፈሩት በሽታ አለመግባቱን አይተው፣ ጉልባራ ኤጄ ራሳቸው ከየሕፃኑ ማሞቂያ ሣጥን አጠገብ ወንበር አስቀመጡ። ከሰዓት በኋላ ሳይራካን ወላጆቹን ሰብስባ ታወያያቸው ጀመር። በሁሉ ነገር ሲያሾፍ የሚውለው ኡላን እዚያ መሀል ተንሰቅስቆ አለቀሰ፤ ማንም "ወንድ ልጅ ነህ" አላለውም።

ኤርመክ በሃምሳ ሁለተኛው ቀን ወደ ቤቱ ሄደ። ከአራቱ እናቶች የአንዷ፣ የናርጊዛ ልጅ ግን አልተረፈችም፤ እናቷ ደረት ላይ እንዳለች አረፈች። ናርጊዛ በወሩ ተመልሳ መጣች፤ ከሳይራካን ጎን ተቀምጣ አዲስ የገባችውን እናት፣ "እጅሽን ታጥበሽ ግቢ፤ ማንንም አታስፈቅጂ" ስትላት ሰማሁ።