አራቱም ገጽ ሄደ

ሄደ! አራቱም ገጽ፣ ፊርማው ሳይቀር፣ ሽው ብሎ ሄደ! ሚጡ ከወንበሯ ዘላ ስትነሳ ጉልበቷን ከጠረጴዛው ጋር አላተመችው፤ ግን ማን ሊሰማው! ኮምፒውተሩ ላይ «ደርሷል» የሚል አረንጓዴ ጽሑፍ ቦግ ብሏል!

ቆይ፣ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። የሚጡ ታላቅ እህት መነጽር ቤት ነው የምትሠራው፤ ሌንስ ቆርጣ ፍሬም ውስጥ ትገጥማለች። እናታቸው ግን «መነጽር ስትወለውዪ ልታረጂ ነው?» እያለች ነዝንዛ ነዝንዛ፣ ሩቅ ከተማ ያለ መድኃኒት ፋብሪካ አስመለከተቻት። ተቀበሏት! ፋብሪካው ታዲያ የተፈረመው ውል በፋክስ ካልመጣ ሞቼ እገኛለሁ አለ። በዚህ ዘመን ፋክስ! ቀኑ ደግሞ ዛሬ ያበቃል። ሚጡ ምን ገዷት፤ በኢንተርኔት ፋክስ የሚልክ ፕሮግራም ጫነች፣ ውሉን ፎቶ አንስታ አስገባች፣ ቁጥሩን መታች፣ ላከች።

ሁለተኛው ገጽ ላይ ቀጥ። እንደገና ላከች። አሁንም ቀጥ! እግሯ መሬት አልረግጥ አለ፤ ትቀመጣለች፣ ትነሳለች፣ ጥፍሯን ትበላለች።

እናት ሳሎን ውስጥ እየተንጎራደደች ለአክስታቸው በቪዲዮ ጉራዋን ትነዛለች።

«እማዬ፣ እምቢ አለ እኮ!»

«የኮምፒውተር ሊቅ ነኝ ስትዪ አልነበር? በይ እንያሽ!»

«እማዬ፣ ሻንጣዬንም አሳዪያት እንጂ!» አለች ታላቅየዋ፣ ድምጿ ማር ማር እያለ።

ያኔ ሚጡ ባነነች። ለካ ኢንተርኔቱን ሙልጭ አድርጎ የሚበላው የእናትየው ቪዲዮ ነው! ስልኩን ከእጇ መንጭቃ ዘጋች፣ መሃል ላይ እንዳይቆረጥባት የፋክሱን ፍጥነት ዝቅ አደረገች፣ ላከች። ይኸው፣ ሄደ! እናት ጫማዋን እንኳ በቅጡ ሳታደርግ ለጎረቤት ልታበስር በረረች።

ታላቅየዋ ግን ንቅንቅ አላለችም። ፊቷ አመድ መስሏል።

«እትዬ? ምነው?»

«ማን ዝጊባት አለሽ?»

«እንዴ! እማዬን ከአክስቴ ጋር ስታስለፈልፊያት የነበረው አውቀሽ ነው?»

«ታዲያ ምን ላድርግ? ሥራዬን እወደዋለሁ። እማዬን ዓይን ዓይኗን እያየሁ ‹አልሄድም› የምልበት አንጀት የለኝም። ፋክሱ እምቢ አለ ቢባል ግን ማን ይቆጣል?» እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። «ሚጡዬ፣ በሞቴ! ቁጥሩ ያው ነው። አልመጣም ብለሽ አንዲት ገጽ ላኪልኝ።»

ሚጡ ሁለት መስመር ጻፈች፤ እትዬ ፈረመች። አሁን ገጹ ኮምፒውተሩ ውስጥ ገብቶ ቁጭ ብሏል፤ የሚጡ ጣት ማውሱ ላይ ነው። እናትየው ከጎረቤት ጋር እየተሳሳቀች ደረጃውን ስትወጣ ይሰማል።

«በያ፣ ምን ትጠብቂያለሽ!» ትላለች እትዬ።

ሚጡ ብትጫነው እናቷን በጎረቤት ፊት ጉድ ልታደርጋት ነው፤ ብትተወው ደግሞ እህቷን በገዛ እጇ ልትሸኛት! እስቲ ንገሩኝ፣ እናንተ ብትሆኑ ትጫኑታላችሁ?