ሃቭ ለአያት

የእንግሊዝኛው መምህር ታረቀኝ የተማሪዋን የሒክማን የቤት ሥራ ሲያርም ደሙ ፈላ። «ወንድሜ ብስክሌት አለው» የሚለውን በሃዝ ጽፋዋለች፤ «በሬያችን ረጅም ቀንድ አለው» የሚለውንም በሃዝ። «አያቴ አርዲቦ ሐይቅ ዳር ማሳ አላቸው» ላይ ስትደርስ ግን ሃቭ ብላ ቁጭ።

«አያትሽ ስንት ናቸው?» አላት ክፍል ውስጥ።

«አንድ ናቸው፣ ቲቸር።»

«ለአንድ ሃዝ፣ ለብዙ ሃቭ ብዬ አላስተማርኩሽም?»

«አስተምረውኛል። ግን እንዴት አድርጌ አያቴን ከበሬው እኩል ላድርጋቸው?»

ክፍሉ አውካካ። ታረቀኝ አልሳቀም። እንግሊዝኛ ትልቅ ትንሽ እንደማይል፣ ንጉሥም ሆነ ለማኝ ያው በሃዝ እንደሚጠራ ሰሌዳውን እየደበደበ አስረዳ። ሒክማ ከልቧ ሰማችው።

«ገባሽ? በይ ስለ እኔ ጻፊ።»

ጠመኔውን ተቀብላ በሃዝ ጻፈች፤ አንዲት ፊደል አልሳተችም።

«በአማርኛስ ምን ማለት ነው?» አላት ደስ ብሎት።

«ታረቀኝ አዲስ ኮት አለው።»

ተማሪዎቹ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ታረቀኝ ከውጫሌ ገበያ የገዛውን ኮት ቆለፈ፤ ሰሌዳው ላይ ስህተት ፈልጎ አጣ። ከዚያ ዳስተሩን አንስቶ ሃዝን አጠፋና በገዛ እጁ ሃቭ ብሎ ጻፈ።